ከፎቶግራፉ ቆርጬ የጣልኩት እንሰት

ከአምቦ የተነሣሁት በግንቦት አጋማሽ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ ነው። የሄድኩት ሰው ለመውቀስ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

አምቦ ገበያ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ባለፈው መኸር የእርሻ ሠራተኞችን የሚያሠለጥን አንድ ቢሮ ሥራ ሰጠኝ። እንሰት የሚያጠወልግ በሽታ በየመንደሩ እየገባ ስለነበር፣ ጤነኛውንና የታመመውን አንሥቼ ሠልጣኞቹ የሚማሩበት ካርድ እንዳዘጋጅ ነው። ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ አነሣሁ። ከዚያ ማጥራቱ መጣ። የደበዘዘውን ጣልኩ፤ ጥላ ያረፈበትንም ጣልኩ። የቀሩትን ሁሉ ቅጠሉ ብቻ መሐል ላይ እንዲታይ አድርጌ በአንድ ልክ በምላጭ ቆረጥኳቸው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጤነኛውን አረንጓዴ፣ የታመመውን ቢጫ ቀባሁ። ካርዶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሳያቸው ኮራሁ።

ሚያዝያ ላይ የቢሮው ኃላፊ አስጠራኝ።

«ሠራተኞቻችን ደህናውን እንሰት እያስነቀሉ ነው የሚል አቤቱታ መጥቷል» አለኝ።

«ካርዱን በደንብ አላጠኑትማ!» አልኩ።

«እንግዲያው ሄደው ያስጠኗቸው፤ ከእጃጂ ይጀምሩ።»

ከአምቦ እስከ እጃጂ

ለማብራሪያ ይረዳኛል ብዬ ያልተቆረጡትን ትልልቅ ፎቶዎችና የጣልኳቸውንም ጭምር በካርቶን ይዤ ነበር። ጉደርን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዝ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን አላቁጦት ስለነበር ሁለት ጊዜ ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። ጌዶ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ በስሙኒ አንድ ቅል እርጎ ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የጨርቅ ነጋዴ ሼህ ኑሩ ካርዶቹን አሳዩኝ አሉና አንድ በአንድ ገለበጧቸው።

«ቢጫው የታመመ፣ አረንጓዴው ደህና። ይኸው ነው? እኔም በአንድ ጠዋት የእርሻ ሠራተኛ ሆንኩ በለኛ!» ብለው ሳቁ።

እኔ ሙገሳ መስሎኝ አብሬያቸው ሳቅሁ።

እጃጂ የደረስነው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የዚያ የእርሻ ሠራተኛ ለሚ ይባላል፤ ከወንጪ ተዛውሮ የመጣው በቅርቡ ነው። ክፍሉ ስገባ ካርዶቼ ግድግዳው ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ሰነፍ ነው ብዬ ነበር የመጣሁት፤ እሱ ግን ካርዶቹን ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ስንተኛው ላይ ምን እንዳለ ይነግረኛል። ግራ ገባኝና ከካርቶኑ ውስጥ ያልተቀባ ትልቅ ፎቶ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ይሄ ታሟል ወይስ ደህና ነው?»

ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። «ቀለም የለውም፣ አቶ ተሾመ። በምን ልለየው?»

«ግንዱን እየው እንጂ። ገበሬው በቢላዋ ሲቆርጠው ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጥቷል። ዋናው ምልክት እሱ ነው።»

ለሚ ወደ ግድግዳው ዞሮ ካርዶቹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። «ካርዱ ላይ ግንድ የለም እኮ» አለኝ።

የገበሬው እጅና ቢላዋ ሥዕሉን ያቆሽሻል ብዬ ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ለሚ ከጣልኳቸው መካከል ሌላ ፎቶ አነሣ። ቅጠሉ ጠውልጎ ተሰባብሯል። «ይሄስ የታመመ ነው» አለ በእርግጠኝነት። ጀርባውን ገለበጥኩት። በገዛ እጄ ጽሕፈት «ውርጭ የመታው፤ በሽታ አይደለም» ይላል። ያን ጊዜ የእንሰቱ ባለቤት ነግሮኝ የጻፍኩት ነው። ያማረ ጤነኛም፣ የለየለት በሽተኛም ስላልሆነ ከካርዱ አስወጣሁት።

ለሚ ጽሑፉን አንብቦ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሐሮ ወንጪ ሳለሁ፣ ጥር ላይ፣ የአንዲት እናት ጓሮ ሙሉ አስነቅያለሁ። አደ ጫልቱ ይባላሉ። ቅጠሉ ልክ እንደዚህ ነበር።»

«ስንት ነበር?»

«አርባ ይሆናል። ለጎረቤት እንዳይተላለፍ ብዬ አስቃጠልኩት።»

ሐሮ ወንጪ

ማክሰኞ ወደ አምቦ ተመለስኩ። ረቡዕ እህል ሊጭን በሚወጣ መኪና መንገዱ እስከሚያስኬድ ድረስ ሄድኩ፤ የቀረውን በኪራይ በቅሎ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ ይጠነክራል። ከአፋፉ ላይ ሐይቁ ቁልቁል ሲታይ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ካሜራዬን አወጣ ነበር።

አደ ጫልቱ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ጓሮአቸው ባዶ ነው፤ ጥቁር አመድ የተቀላቀለበት አፈር ብቻ። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታቸው የኦቦ ገመቹ እንሰት ሰፋፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። እሱንም ያው ውርጭ መትቶት ነበር። ኦቦ ገመቹ አልነቅልም ብለው ከለሚ ጋር ተጣሉ፤ በልጉ ሲዘንብ እንሰቱ አዲስ ቅጠል አወጣ።

እኔ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ፣ እሳቸውም አልፎ አልፎ በአማርኛ እያገዙኝ ተነጋገርን። ካርዱን የሠራሁት እኔ መሆኔን፣ ጥፋቱም ከለሚ ይልቅ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ትልቁን ፎቶ ተቀብለው ግንዱ ላይ በጣታቸው ነኩ።

«ይሄንንማ እናውቀዋለን። ወርቄ ሲታመም ይቆረጣል፣ ይታያል» አሉ። እዚያ አገር እንሰትን ወርቄ ነው የሚሉት። «ያ ልጅ ግን ወረቀቱን ነበር የሚያየው። ቁረጥና እይ ስለው፣ ወረቀቱ አይልም አለኝ። የተማረ ነው፤ ከእኔ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አደ» አልኩ።

«ባሌ ነበር የተከለው» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ቆጮ ይዘውልኝ መጡ። ከማን እንዳገኙት ለመጠየቅ አፈርኩ። ተቀብዬ በላሁ።

ሐሙስን እዚያው ዋልኩ። ኦቦ ገመቹ ችግኝ ሰጡን፤ እኔ ጉድጓድ ስቆፍር፣ አደ ጫልቱ ሲተክሉ አረፈድን። ከሰዓት በኋላ አደ ጫልቱ ከሠፈሩ ራቅ ወዳለ አንድ ጓሮ ወስደው በእርግጥ የታመመ እንሰት አሳዩኝ። ራሳቸው ቆረጡት፤ ፈሳሹ ሲወጣ እጃቸውንም ቢላዋውንም ግንዱንም አነሣሁ። ቢላዋውን በእሳት ለብልበው ወደ አፎቱ ሲመልሱ «ይሄንንም አንሣው። ሳይለበልቡ ወደ ሌላው መሄድ ነው በሽታውን የሚያዞረው» አሉኝ። እሱን እንኳ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መመለስ

ዓርብ ማታ አምቦ ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ለኃላፊው ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኩትና የድሮዎቹ ካርዶች ከየቦታው እንዲሰበሰቡ ተስማማን። በአዲሶቹ ውስጥ ውርጭ የመታው አለ፤ በእርጅና የደረቀ ቅጠል አለ፤ ጥላ ያረፈበትም አለ። ጓሮ ውስጥ ያለ እንሰት ጥላ ያርፍበታልና። ለሚ ከእጃጂ ጽፎ አዲሱ ካርድ ለወንጪ መንደርተኞችም እንዲሰጥ ለመነኝ። እነሱ ግንዱን ቆርጠው ስለሚያዩ ካርድ እንደማያስፈልጋቸው ጻፍኩለት።

ሰው እንዲማርበት ሥዕል የሚያዘጋጅ ሰው፣ ከሚያስቀረው ይልቅ የሚጥለውን ሁለት ጊዜ ሊያይ ይገባዋል። ይህን ያወቅሁት በሰው ጓሮ ነው። አዲሱን ካርድ ለመሥራት ሦስት ሳምንት በቃኝ። አደ ጫልቱ የተከሉት ግን ለምግብ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ቆጮ የሚበሉት ከጎረቤት ተበድረው ነው።