ጉርሜሳን የተቆጣው ፖሊስ

በስልሳዎቹ መጀመሪያ ሮቤ ላይ ኳስ ያየ ሰው ጉርሜሳን አላውቀውም ቢለኝ አላምነውም። በሥራ ቀን መኪና ላይ የእህል ጆንያ ይጭናል፤ እሑድ ተከላካይ ነው። በእሱ በኩል አልፎ ጎል የሚያገባ ገና አልተወለደም እንል ነበር። እኔ ጋሪ ነጂው አያና ደግሞ ጓደኛው ነኝ፤ ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው። ሁለታችንም ግንፍል የምንል ሰዎች ስለሆንን ሳንጣላ የዋልንበት ቀን አልነበረም።

አንድ ቀን ከተጫነ መኪና ላይ ወደቀ። ወገቡ ተጎዳ፤ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቱ ከአዴ ጤቤ ግቢ አልወጣም። ብስክሌት ጠጋኙ ወዚር ባለመደገፊያ ወንበር ላይ የብስክሌት ጎማዎች ገጥሞ የሚገፋ ወንበር ሠራለት። ወንበሩ ግን ከጓሮው አላለፈም። ጉርሜሳ የሚፈራው ሰው ከንፈሩን ሲመጥለት ነው። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ ከንፈሩን ሳይመጥ አይሄድም ነበር።

በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ፣ ለአገልግሎት ዓመታቸው ሊያስተምሩ ከአዲስ አበባ የመጡት የኮሌጅ ተማሪዎች ከሮቤና ከጎባ ልጆች ጋር ሊጫወቱ ነው ተባለ። ጨዋታው ጎባ ነው። ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። ወንበሩን አየት አድርጎ፣

«እሺ፣ ውሰደኝ» አለ። «ግን አንድ ሰው ‹ምስኪን› ቢለኝ ወዲያው ትመልሰኛለህ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ውጣ እንዳትለኝ።»

«እንዲህ የሚል ካለ ጥርሱን ነው የማረግፈው!» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ጋሪው ላይ ከጎኔ አስቀመጥኩት፤ ወንበሩን ከኋላ በገመድ ጠፈርኩት። አዴ ጤቤ በጋቢ ጠቀለሉትና «ናጋቲ!» ብለው ሸኙን። ከሮቤ ጎባ ዳገት ነው፤ ፈረሴም እንደኔው ቁጡ ነው። ጉርሜሳ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔም የምቆጣው ፈረሱን ብቻ ነው። እሱን እንዳላስከፋ ስፈራ ከወደቀ ጀምሮ ሁለት ዓመቴ ነው።

ሜዳው ዳር ሕዝቡ ቆሟል። በዚያ ዘመን ኳስ ሜዳ ወንበር የሚመጣለት ሹም ብቻ ነው፤ ሌላው ወይ ይቆማል ወይ ሣር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ ጉርሜሳን ወንበሩ ላይ አድርጌ እየገፋሁ ስመጣ ሥርዓት አስከባሪው የትልቅ ሰው ወንበር መስሎት «መንገድ ልቀቁ! ወንበር ይለፍ!» እያለ ሕዝቡን ከፈለው። ሳናስበው ከሹማምንቱ ረድፍ ጫፍ ላይ ተገኘን። አዴ ጤቤ ያለበሱት ጋቢ እስከ መሬት ወርዶ ጎማዎቹን ሸፍኗል። እንኳን ከንፈር ሊመጥለት፣ አጠገቡ የነበረ ጸሐፊ ባርኔጣውን አነሣለት። ልቤ በኩራት አበጠ።

ጥቂት ቆይቶ ትልቁ ሹም ደረሰ። ሁሉም ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ከጉርሜሳ በቀር። አንድ ፖሊስ ከወዲያ እየተንደረደረ መጣ።

«አንተ ባለጌ! ጌታዬ ቆመው አንተ ትቀመጣለህ? ተነሥ ብዬሃለሁ!»

ደሜ ፈላ። አለንጋዬን ጨብጬ ልራመድ ስል ጉርሜሳ የኮቴን እጅጌ ያዘኝ። ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ በርቷል።

«የኔ ጌታ፣ መነሣት ብችልማ እዚያ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ» አለና ጋቢውን ከፍ አደረገ።

ፖሊሱ ጎማዎቹን አየ፤ እግሮቹን አየ። ክው አለ። «ውይ! ምስ…»

«እንዳትጨርሳት!» ብሎ ጮኸበት ጉርሜሳ። «ስድብህ ይሻለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ የተቆጣኝ ሰው የለም። እግዜር ይስጥህ!»

ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ እንደ መሳቅ አለና ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዴም ያልተቆጣሁት እኔም ነበርኩ። እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ነበር የያዝኩት። በራሴ አፈርኩ።

ጨዋታው ሲጀመር ጉርሜሳ አፉን ከፈተ፤ እስኪያልቅም አልዘጋውም። «ባዳሳ! ግራህን! ግራህን ዝጋ!» ሲል የእኛ ተከላካይ ባዳሳ ድምፁን ለይቶ ወደ ግራ በረረና ሊገባ የነበረውን ኳስ ከመስመሩ ላይ አወጣ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ጸሐፊው ወደኔ ጠጋ ብሎ «ማን ናቸው?» አለኝ።

«የሮቤ ተከላካይ ነው» አልኩት። ነበር አላልኩም።

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ሁለተኛዋ ጎል ኦፍሳይድ ነበረች ይላል እሱ። እኔ አልነበረችም አልኩ፤ በእርግጥም አልነበረችም። ጎባን ሳንለቅ ጀመርን። «ዕውር ነህ እንዴ?» አለኝ። «አንተ ድሮም ደንቆሮ ነህ!» አልኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ፈረሱ ጆሮውን እየጣለ፣ እኛ እየተሰዳደብን ሮቤ ገባን።

አዴ ጤቤ ጩኸታችንን ከሩቅ ሰምተው ነጠላቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ወጡ።

«ምን ሆናችሁ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«አዎ!» አልን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ።

አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዘው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣

«እሰይ!» አሉ፤ «እሰይ የኔ ልጅ!»