ዝናብ ለሚወድ ሰው የተገጠመ ሙሾ

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የወሰዱኝ በግጥም ምክንያት ነው። በወላጆች ቀን ስለ አንድ ባሪያ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ካድሬ በግጥሙ ውስጥ ያለው ጌታ ድርጅቱ መሰለው። በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች ክፍል ድረስ ገብተው ይዘውኝ ወጡ። ላሊበላ ጣቢያ ስደርስ እጄ ገና በጠመኔ እንደነጣ ነበር።

የታሰርኩባት ክፍል የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበራት፤ ቀን ትግላለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትበርዳለች። ጥግ ላይ ያለው የሽንት ባልዲ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል። አሥራ አንድ ሆነን ታጭቀንባታል። በምን እንደታሰርኩ ሲሰሙ «እስቲ በልልን» አሉኝ፤ አልኩላቸው። አየር የሚገባበትን የበሩን አጠገብ ለቀቁልኝ። እውነቱን ለመናገር መታሰሬን ሳልወደው አልቀረሁም። በተለይ ይቺን ደጋግመው ያስብሉኝ ነበር፦

ጀርባው ጠባሳ ነው፣ ትከሻውም ድንጋይ፤
ስንት ሸክም አለፈ በዚያ ሰውነት ላይ።

ባሪያ ጥርሱ ታይቶ፣ ቁመቱ ተለክቶ እንደሚሸጥ ከታሪክ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። የገጠምኩትም ያንኑ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከገነተ ማርያም በኩል አንድ ገበሬ አመጡ። ስልሳን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። የመሬት ሽግሽግ ስብሰባ ላይ «ይሄ አካፋፈል ፍርድ የለበትም» ብለው ነው የታሰሩት። ግጥሜን አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«ጎሽ መምህር። ሰውዬው ግን ማን ነው?» አሉኝ።

«ማንም አይደለም፣ አባባ። ባሪያ ነው።»

ቀና ብለው ቅድመ አያታቸው ባሪያ እንደነበሩ ተናገሩ። እንዲህ ያለውን የዘር ነገር ሰው ይደብቃል እንጂ አደባባይ አያወጣውም። «የሞቱ ለት አልቃሽ አልቆመላቸውም፤ ለባሪያ ማን ያቆማል?» አሉ። ስለዚህ ከአባታቸው የሰሙትን ይዘው ራሳቸው ሙሾ ገጠሙ። አባታቸው በቅርቡ ስለሞቱ፣ በአባታቸው ተዝካር ላይ ለቅድመ አያታቸውም ሊያስለቅሱ አስበው ሳለ ታሰሩ። ከዚያ በቀስታ አሉት፦

ቀልዱን ሳይጨርሰው ቀድሞ የሚስቅ ሰው፤
አልቃሽ ሳይቆምለት አፈር የለበሰው።
ዝናብ ሲዘንብ ወጥቶ ፊቱን ይሰጥ ነበር፤
ማን ገዛው ከሱ ላይ የዝናብን ፍቅር?

ከእስረኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠና ዓይኑን ጠረገ። እኔ ቀናሁ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው፣ እኔ ያን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጬ ያላገኘሁትን ሰውዬ በአራት መስመር አቆሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥሜን በልልን ያለኝ የለም። ቦታዬን አልወሰዱብኝም፤ ቢወስዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ ወደ ወልዲያ እስር ቤት እንደሚወስዷቸው ለሽማግሌው ተነገራቸው። ምሳ የምታመጣላቸው እህታቸው ነች።

«መምህር፣ ብዕር ያለህ አንተ ብቻ ነህ። ሙሾውን ጻፍልኝ፤ እህቴ ወስዳ ለአልቃሿ ትሰጥልኛለች። ወልዲያ ከገባሁ መቼ እንደምወጣ እንጃ፤ ቅድመ አያቴ እንዲሁ ሳይለቀስላቸው መቅረታቸው ነው» አሉኝ።

ከብዕር የወጣ የቀለም ቱቦ ቀበቶዬ ስፌት ውስጥ ደብቄ ነበር። የሳሙና ወረቀት ገልብጬ እሳቸው እያሉ ጻፍኩ። መሃል ላይ የራሴን ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ጀርባውንና ትከሻውን። ላሻሽለው ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። እዚያ ሙሾ ውስጥ እኔም መኖር ስለፈለግሁ ነው።

«አንብብልኝ» አሉ። የኔን ዘልዬ ማንበብ እችል ነበር፤ ግን መመስገን አማረኝና ሁሉንም አነበብኩ።

«ይሄ ሙሾዬ ውስጥ የለም።»

«ያምራል ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ያምራል። ጀርባውንማ የገዙትም ያውቁታል፣ ልጄ። አልቃሽ ገጥማ ሰዉ ‹አዎ፣ እሱ ነው› ካላላት አፈረች ማለት ነው። አጥፋልኝ።»

መስመሮቼን ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ ሰረዝኳቸው።

እህታቸው መጥታ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ወረቀቱን አጥፈው የአገልግሉ ክዳን ውስጥ ሸጎጡት። ዘብ የቆመው ፖሊስ ግን ክዳኑን ከፍቶ አገኘው። አነበበና ወደ ውስጥ ዞረ።

«ግጥሙ የማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ አየ፤ በግጥም የታሰርኩት እኔ ነኝ። «የኔ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ሽማግሌውን አዳነ ተብዬ እመሰገናለሁ፤ ግጥሙም የኔ ሆኖ ይቀራል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ግጥሙ ግን የሳቸው ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የኔ ነው። የቅድመ አያቴ ልቅሶ ነው» አሉ።

ፖሊሱ የዚያው አገር ልጅ ነው። እንደገና አነበበው፤ በዚህኛው ጊዜ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። «ለልቅሶ ከሆነ ይሂድ» አለና ወረቀቱን ወደ ክዳኑ መለሰው። ሽማግሌውን ከሰዓት ወሰዷቸው፤ ዳግም አላየኋቸውም።

ዛሬ ሁለት የግጥም መጽሐፍ አለኝ። ስለ ባሪያው የጻፍኩት የመጀመሪያው ውስጥ ይገኛል፤ ሰው ያደንቅልኛል። ከተፈታሁ በኋላ አንድ የገነተ ማርያም ሰው ሙሾው ተዝካሩ ላይ እንደተባለ ነገረኝ። ዘመድ ያልሆኑት ሁሉ አለቀሱ፤ አንዲት ሴትዮም «ሳቃቸው እንዴት ያለ ይሆን?» ብላ ጠየቀች አለኝ። ስለኔ ባሪያ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስሰማ ደስ አለኝ ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ዛሬም ቅናት ነው።