አባቴ የማይሰሙት ጸናጽል

ዛሬ ንጋት ላይ አባቴ በማኅሌቱ መሃል ተማሪዎቻቸውን ተቆጡ። «ጸናጽሉን የያዛችሁት ለጌጥ ነው? አሰሙት እንጂ!»

ሁሉም እያሰሙት ነበር። እኔ በሴቶች በር ቆሜ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ከበሮውን ዛሬም ይሰሙታል።

ከቅዳሴ በኋላ ለምኜ ደብረ ታቦር ክሊኒክ ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ አስረዳን። ጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነገር አለ። እዚያ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ፀጉሮች ድምፅ ሲያወዛውዛቸው ለአንጎል ያደርሳሉ። ቀጭን ድምፅ የሚይዙት መግቢያው ላይ ስላሉ ቀድመው ያልቃሉ።

አባቴ ፈገግ አሉ። «ፀጉር ከሆነማ ይበቅላላ!»

«አይበቅልም፣ የኔታ» አለ ሐኪሙ አቀርቅሮ።

(እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህንኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ።)

ቤት ስንገባ የራሳቸውን ጸናጽል ከግድግዳው አውርደው ጆሯቸው ሥር ደጋግመው ነቀነቁት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«እስኪ አንቺ ሞክሪው ልጄ፤ የኔ እጅ ደክሞ ይሆናል።»

ነቀነቅሁት። ዓይን ዓይኔን እያዩ «በርቺ፣ ጠንከር አድርጊው» አሉኝ።

እናንተስ ወላጆቻችሁ እንዲህ ሲሆኑባችሁ ምን አላችኋቸው? ንገሩኝ፤ እኔ «በርቺ» ባሉኝ ቁጥር ከመነቅነቅ ሌላ ምንም አላወቅሁም።