ሦስተኛው ጧፍ

ኮከቡ በአንድ ወገን የብር ቅቡ ተልጦ ከሥሩ ካርቶኑ ይታያል። ሰሞኑን ለልጆቼ ብርድ ልብስ ላወጣ የድሮ ሻንጣዬን ስከፍት ከታች ተጋድሞ አገኘሁት። ሳነሣው የአሮጌ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ሮቤ ላይ ቆምኩ። አትፍረዱብኝ እንጂ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ናፍቆት አልነበረም። ቅናቱ ነው የመጣብኝ፣ ያው የድሮው።

ታኅሣሥ ሮቤ ላይ የስንዴ ወር ነው። ኮምባይነሮቹ በአጋርፋ መንገድ እያጓሩ ያልፋሉ፣ ነፋሱ ገለባ ይዞ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፣ ሲመሻሽ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አባቴ አስተማሪ ነበር። ለገና ብሎ ዕቃ መግዛት አይወድም። "ልደት ከሱቅ አይመጣም" ይል ነበር፤ እኛም ሱቅ ደጃፍ ቆመን ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረንም።

የእኛ ቤት ዝግጅት ጣሳና ጧፍ ነበር። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ሁላችንም አንዳንድ ጭብጥ ስንዴ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ እንጨምራለን። በገና ዋዜማ ጣሳው ከእኛ ዝቅ ብሎ ብቻቸውን ለሚኖሩ ሙስሊም አሮጊት ይሄዳል። ጧፉ ደግሞ የእሑዶቹ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ፤ አባቴ በመጀመሪያው አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት ጧፍ ያስለኩሰናል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አምፖሉ ይጠፋል፣ ጧፎቹ ስንዴ በሞላ ሳህን ላይ ይተከላሉ፣ እሱ ያነባል። የሚለኩሰው ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ ነው፣ ያን ቀን ጾሙን ካልገደፈ። ወንድሞቼ ታላላቆቼ ስለነበሩ ክብሪቱ የኔ ነበር። በዓመት ሦስት ቀን አባቴ እኔን ብቻ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ የእህል ነጋዴ ከነቤተሰቡ ከአጥራችን ወዲያ ገባ። የእኔ እኩያ ሴት ልጅ ነበረችው። ኅዳር ሲያልቅ ነጋዴው ከሻሸመኔ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ይዞ መጣ፤ ቀይና አረንጓዴ የሚበራ የሚጠፋ መብራት፣ ጫፉ ላይ የብር ኮከብ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ድብን አልኩ። እናቴ አንድ ቀን ከዚያ ጎትታ ስታወጣኝ፣ "ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል፤ የኛዎቹ ደጎች ሆነውም ሊያስገዙን ነው" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ማታ ማታ መብራት እንዲጠፋባቸው እጸልይ ነበር።

ጸሎቴ ተሰማ። በስብከት እሑድ አመሻሹ ላይ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ፤ የጎረቤት ልጅ ናት።

"አባቴ አጋርፋ ነው። እናቴ መብራት እስኪመጣ እዚህ ቆዪ አለችኝ" አለች።

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ" አለ አባቴ።

እኔ ጧፌን ስለኩስ ዓይኗን አልነቀለችም። አባቴ ሲያነብ አፏን ከፍታ ሰማች። በሚቀጥለው እሑድ መብራት ሳይጠፋ መጣች። ያን ጊዜ ነው አባቴ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደተወለደች የጠየቃት። በአራት ወር ታንሰኝ ኖሯል። ክብሪቱን ከእጄ ወስዶ ለእሷ ሰጣት። "እንግዲህ ትንሿ እሷ ናት" አለ እየሳቀ።

እዚያው ልሙት አልኩ። ዛፉ የእሷ፣ መብራቱ የእሷ፣ ኮከቡ የእሷ፤ አሁን ደግሞ አባቴ! እሷ ምንም አልገባትም። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጎኔ እየሄደች "አንቺ እኮ ጓደኛዬ ነሽ" ትለኛለች። እኔ ስለ እሷ ሳወራ የጎረቤት ልጅ ነበር የምላት።

ቁም ሳጥናችን ላይ አጎቴ ከጎባ ያመጣው የወተት ብስኩት ነበር፣ ለገና የተቀመጠ። በኖላዊ እሑድ ከሰዓት፣ እናቴ ወጣ ስትል ወንበር ላይ ወጥቼ ቀደድኩት። ሁለቱን አውጥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩና ጠራኋት።

"የጾም ነው?" አለችኝ።

"የጾም ነው" አልኳት።

በላችው። አመሻሹ ላይ ሁላችንም ሳህኑን ከበን አባቴ ክብሪቱን ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ፣ "እሷ ገድፋለች!" ብዬ ጮህኩ። "የወተት ብስኩት ስትበላ አይቻለሁ!"

አባቴ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ "ማን ሰጠሽ?" አላት።

አየችኝ። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ማንም። ከቤት ነው ያመጣሁት። ወተት እንዳለው አላወቅኩም" አለች፤ እንባዋ ግጥም ብሎ።

አባቴ ራሷን ዳበሳት። ቀና ሲል ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ፤ የብስኩቱ ቅዳጅ ወረቀት ከላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ እኔን አየኝ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ክብሪቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠና "በይ፣ አንቺ ለኩሺ" አለኝ።

ሁለቱን ጧፎች ለኮስኩ፤ ሦስተኛው ጧፍ ላይ ክብሪት ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። አባቴ ስለ መልካሙ እረኛ አነበበ፣ እኔ ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። እሷ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን እያሻሸች ነበር። የለመንኩትን ሁሉ አግኝቼ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በዋዜማው አባቴ ጣሳውን እኔና እሷ እንድንወስደው አዘዘ። ግራና ቀኝ ይዘን ወረድን። አሮጊቷ ጣሳውን ተቀብለው "ጋላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ያሳድግሽ" ብለው አመሰገኑኝና ወደ እሷ እያዩ "ሂሪያ ኬቲ?" አሉኝ፤ ጓደኛሽ ናት ወይ ማለታቸው ነው። አጠገቤ ቆማ መልሴን ትጠብቃለች።

"አይደለችም። የጎረቤት ልጅ ናት" አልኳቸው።

በገና ጠዋት በራችን ላይ ቆማ አገኘኋት። በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ስፈታው የብር ኮከቡ ነው።

"በአጥሩ ስታዪው አይሻለሁ" አለችኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን "ዛፉስ?" የሚል ነበር።

"እሱን ማን ያየዋል? አባቴ እንደሆነ ለበዓልም አልመጣ" አለችና ሮጣ ሄደች።

የካቲት ላይ ዕቃቸው መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሻሸመኔ ሄዱ። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ከጋቢናው አንገቷን አውጥታ ወደ ቤታችን ታይ ነበር፤ እኔ አልወጣሁም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። አባቴም ስለዚያ ብስኩት አንድ ቀን ሳያነሣብኝ አረፈ።

እኔም ልጆቼን በሦስቱ እሑዶች ጧፍ አስለኩሳቸዋለሁ። ዛፍ ግዢልን ይሉኛል፤ እኔም የአባቴን መልስ እመልሳለሁ። የሻንጣው ነገር የሆነው ባለፈው ቅዳሜ፣ በኖላዊ ዋዜማ ነው። ትንሿ ልጄ ኮከቡን ከእጄ ነጥቃ አገላበጠችው።

"እማዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

የኔ ነው ልል ነበር።

"የጓደኛዬ ነው" አልኳት።