የፒክአፗ ጭስና ያስማልኳቸው አባት

ሰው ማመን ድሮም አይሆንልኝም። ሥራዬም አላገዘኝም። ሱሉልታ ላይ ከገበሬ ወተት እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ ላሉ ካፌዎች አስረክብ ነበር፤ በየማለዳው በመጣው ወተት ሁሉ ውስጥ መለኪያ እየነከርኩ፣ ውሃ የገባበትን እመልሳለሁ። «ኧረ አንድ ቀን እንኳ እመኚን!» ይላሉ ወተቱን የሚያመጡት ሴቶች። «እናንተንማ አምናለሁ፣ ላሞቻችሁን ነው የማላምነው» እላቸውና እንስቃለን። መንከሬን ግን አልተውም።

አንድም ቀን ውሃ ያላገኘሁባቸው አጥር የሚያዋስኑኝ ጎረቤቴ ነበሩ። እኔ «ኦቦ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የማስተር ፕላኑ ነገር ተነስቶ አገሩ ሲናጥ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። እኔ ከሰሜን የመጣሁ ነኝ፤ ሱቅ ስገባ ወሬ ይቋረጣል፣ ወይም የተቋረጠ ይመስለኛል። ኦቦ ግን እንደ ወትሯቸው ጀሪካናቸውን ይዘው «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ እያሉ ይመጣሉ። የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነው። አንድ ወንድ ልጃቸው በሰልፉ ሰሞን ተይዞ የት እንዳለ አያውቁም። ስንቅ ቋጥረው ከእስር ቤት እስር ቤት ይሄዳሉ፣ «እዚህ የለም» ይሏቸዋል፣ ስንቁን ይዘው ይመለሳሉ።

በዚያው ሰሞን ወተቱን የማመላልስባት አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ሰበታ ላይ በደላላ ገዛሁ። ደላላው «እህቴ፣ የሐኪም እጅ ናት» ብሎ ማለልኝ። እኔ መች እሰማዋለሁ! ዘይቷን አሸተትኩ፣ ቀለሟን በጥፍሬ ፋቅሁ፣ ጎማዋን ረገጥኩ፣ ከዓለም ገና እስከ ተፍኪ ነድቼ ሞከርኳት። መሪው ፊት፣ መብራቶቹ ከሚበሩበት ሰሌዳ ላይ፣ አውራ ጣት የምታክል የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፋለች። እሷን ተሳለምኩና ባለቤቱ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው ብዬ ገዛኋት።

ሁለት ሳምንት ሳልነዳት መንገድ ተዘጋ። መኪና ተሰበረ፣ መኪና ተቃጠለ ይባላል። የኔ ግቢ አስፋልት ዳር ነው፤ አጥሩም ቆርቆሮ። ኦቦ መጥተው «ወደኔ አስገቢያት» አሉ። ከድርቆሹ ክምር ኋላ አቁመን ሸራ አለበስናት። ቁልፉን ሰጠኋቸውና «ባትሪዋ እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት ያስነሱልኝ» ብያቸው እኔ ከተማ እህቴ ጋ ሄድኩ። አሥር ቀን ቆየሁ።

ተመልሼ ሳስነሳት መኪናዋ ሌላ ሆናለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ትስላለች፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ጭነቱን ይዛ ቀጥ አለች። ወተቱ ፀሐይ ላይ ረጋብኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ካፌዎቹ «አንድ ቀን ከደገምሽን ከሌላ እንወስዳለን» አሉ። የምበላው እንጀራ እዚያች መኪና ላይ ነበር።

እዚያው ሱሉልታ ያለ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍቶ እሳት የሚያጭሩትን ካንዴላዎች ቢያወጣቸው ከሰል ሆነዋል። ጎንበስ ብሎ አንድ ሶኬት ጎትቶ አሳየኝ። «ባዶዋን ተንጠልጥላለች፣ አየሽ? ኦክስጅን ሴንሰር ተፈቶብሻል። አንዱ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱም። ጭሱን አይተው ለሞተሩ ቤንዚን በዛ፣ አነሰ የሚሉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዝም ብሎ ያፈስበታል።»

«መቼ ነው የተፈታው?»

«ቆማ እያለች ነዋ! ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ደሜ ፈላ። ቀጥ ብዬ ኦቦ ግቢ ገባሁ። ድርቆሽ ያገላብጣሉ፤ ወተት የሚያመጡልኝ ሁለት ሴቶችም ደጃፉ ላይ ቆመው ያወራሉ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ኦቦ፣ ከመኪናዬ ላይ ዕቃ ወጥቷል። ቁልፉ ያለው አንቱ ጋ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ምንም አልነካሁም።»

«እንግዲያው ይማሉልኝ።»

አንደኛዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌን ሰው ፊት ማል ማለት በጥፊ ከመምታት አይተናነስም፤ እያወቅኩ ነው ያልኩት። ኦቦ መንሹን ድርቆሹ ላይ ሰክተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ነክቼ ከሆነ ልጄን ይንሳኝ» አሉ።

ያንን የጠፋውን ልጅ! እኔ ግን ይቅርታ እንኳ ሳልል ወጣሁ። ጭራሽ በመንገዴ ላይ «ሌባ መሐላ መች ይፈራል» እያልኩ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ኦቦ ወተት ማምጣት አቆሙ።

ቡራዩ ኮምፒዩተር ያለው መካኒክ አለ ብለው ጠቆሙኝ። በአዲሱ ገበያ፣ በአስኮ አድርጌ እየቆምኩ እየተነሳሁ ደረስኩ። ጎልማሳ ሙስሊም ነው፣ ቀልደኛ። ገመዱን ሰክቶ ሲያነብ ቆየና «ሴንሰሮቹ የሉም ይላል» አለ። «ግን እኮ ይሄኔ የሞተር መብራት መብራት ነበረበት። መብራቱ የታለ?» ሰሌዳውን በጣቱ እየዳበሰ ሄደና ሥዕሏ ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። «እኔ አልነካትም። አንቺ አንሻት።»

አማተብኩና በጥፍሬ ላጥኳት። ከሥሯ ቢጫ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

«ውይ እመቤቴን!» አልኩ።

«ከእሷ ጋር ምን አጣላሽ፣ የለጠፋትን ሰውዬ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀ። ካርቶን አንጥፎ ሥሯ ገባና «ነይ፣ በዓይንሽ እዪ» ብሎ ጠራኝ። እኔም በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ። ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ፣ ሴንሰሮቹ መሆን ባለባቸው ቦታ፣ ሁለት ቡሎን ገብቶ ዙሪያው በብየዳ ተደፍኗል። ላዩ ጭቃና ዝገት ነው። በጠመንጃ መፍቻ ፋቅ ፋቅ አደረገው። «ይሄ ዝገት የሳምንት አይደለም። ዓመት አልፎታል።»

እኔ ከገዛኋት ገና አንድ ወሯ ነው።

«ታዲያ ለምን አሁን ባሰባት?» አልኩት፤ አሁንም መካድ ፈልጌ።

«ቆማ እያስነሷት ነበር?»

«በየጠዋቱ። አሥር ቀን።»

«በቃ! ድሮም ቤንዚን በዝቶባታል፤ ቆማ ስትነሳ ካንዴላው ጥላሸት ጠጣ።»

አስነሱልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንድም ቀን ሳያጓድሉ አስነሱልኝ። ደላላው ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እዚያው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መካኒኩ ቡሎኖቹን ቆርጦ አውጥቶ፣ ካንዴላዎቹንም ቀይሮ ሴንሰር ሲያስገባላት ጭሱ ጠፋ፣ ሳሉም ቆመ። ሁለቱን ቡሎን በሶፍት ጠቅልዬ ያዝኩ።

ሱሉልታ ስደርስ ኦቦ በራቸው ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ሳልገዛት በፊት የወጣ ነው ኦቦ። እኔ ነኝ የበደልኩት። በልጅዎ አስማልኩዎት፣ ይማሩኝ።»

አነሱኝ። ቡሎኖቹን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩ። «ያ መሐላ እውነት ነው» አሉ። «እውነት ልጄን ምን ያደርገዋል? እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«አንቺ ሳትኖሪ ጎረምሶች መጡ። ሸራው ሥር ያለችው የማን ናት፣ የዚያች ሴትዮ ናት አይደል አሉኝ። የኔ ናት አልኳቸው። ማል አሉኝ። ልጄን ይንሳኝ ብዬ ማልሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፣ ኢንተላ ኮ።»



በማግስቱ ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። ሳልለካ ልገለብጠው ስል እጄን ያዙኝ። «ንከሪው።»

«ኧረ ኦቦ፣ በእናትዎ ይተዉኝ!»

«ንከሪው። ለሁሉም የምታደርጊውን አድርጊ።»

ነከርኩ። ያን ቀን የሰሙት ሁለቱ ሴቶች ቆመው ያያሉ። ኦቦም ሳልናገር አልሄድ አሉ። «ውሃ የለበትም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና መሬት ያስቀመጡትን ስንቅ አንስተው ወደ መንገዱ ጀመሩ።

ወተቱን ጭኜ ደረስኩባቸውና «ይግቡ» አልኳቸው። ከተማው በስተግራ ቀረ፤ ካፌዎቹ ይጠብቁ አልኩ። አንድ ቦታ «እዚህ የለም» አሉን። ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ዝርዝሩን ከማየቱ በፊት ወደኔ ዞረ። «ይቺስ ማናት?» አላቸው።

«ልጄ ናት» አሉ። አልማሉም።