እንደ ሁልጊዜው

የጫማ ፋብሪካው ግዢ ሠራተኛ «ቶሎ በሉ» ይባላል። ስልክ ሲደውል ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቶሎ በሉ ብሎ ጀምሮ ቶሎ በሉ ብሎ ይዘጋል። የጫማ ካርቶን የሚገዛው ሃያ ዓመት ሙሉ ከእትዬ ነው። እትዬ ከመንገዱ ማዶ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ጠባብ ወርክሾፕ አላቸው።

«እትዬ፣ ሁለት ሺህ ካርቶን! ቶሎ በሉ!»

«እሺ።»

«በስንት?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ!»

አለቀ። ውል በሉት ሌላ ነገር፣ ይኸው ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ልዘምን አለ። አቅራቢ ሁሉ ዋጋውን በኮምፒውተር ይሙላ፣ አሸናፊውን ማሽኑ ይምረጥ፣ በስልክ ማዘዝ ቀረ ተባለ። ቶሎ በሉ መጀመሪያ ጆሮዬ አረፈ ብሎ ደስ አለው። ግን ጨረታ በወጣ ቁጥር ከእትዬ ስም ጎን «ዋጋ አላቀረቡም» የሚል ይመጣል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ!

«ንቀውኝ ነው፤ አፍንጫቸውን ይላሱ!» አለ። አፉ እንዲያ ይበል እንጂ ሆድ ብሶታል።

እትዬ ወርክሾፑን ሊዘጉ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ግን አላስቻለውም፤ መንገዱን ተሻግሮ ገባ።

«እትዬ፣ ምን በድዬዎት ነው?»

«አንተ ነህ ደግሞ የምትጠይቀኝ? ሦስቴ ሞልቼ ሦስቴ የመለስከኝ!»

ኮምፒውተሩን ከፍተው አሳዩት። ዋጋ በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «እንደ ሁልጊዜው»። ከሥሩ በቀይ፦ «ቁጥር ብቻ ያስገቡ»።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እትዬ በካርቶን ቁራጭ ጀርባውን አሉት።

«እና ለአዲሱ ጨረታ ስንት ልበል?»

«ኧረ እኔ ገዢ ነኝ፣ ዋጋ አልነግርዎትም!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ቁጥሩን ሞሉ።

«ይሄስ? ከገዢው ሠራተኛ ጋር ወዳጅነት አለዎት ወይ ይላል።»

ቶሎ በሉ ከግድግዳው ዞረ። «አለኝ ካሉ የእርስዎ ጉዳይ ከእጄ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚያዝዝዎት ሌላ ሰው ነው።»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

እትዬ መነጽራቸውን አስተካከሉና «አለኝ» የሚለውን ነኩት።

አሸነፉ። ወርክሾፑም አልተዘጋም። ትዕዛዙን አሁን ከፋብሪካው አንዲት ልጅ በኮምፒውተር ትልካለች፤ ድምፅ የለ፣ ጩኸት የለ። በሳምንቱ የእትዬ ስልክ ጮኸ።

«ምን ፈለግህ? ካርቶኑ እንደሆነ ያንተ ሥራ አይደለም» አሉት።

«ምንም አልፈለግሁም» አለ ቶሎ በሉ። «እትዬ… ደህና ነዎት ወይ?»

በሃያ ዓመት ውስጥ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያው ነበር።