የስክሪን ምስል መያዝን በግማሽ ያስተማርኩ ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴም ለእናቴም አልነገርኩም። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ድፍረት የለኝም። ልታዝንልኝ ካሰብክ ግን እዚሁ ላይ አቁም።

ሠመራ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ሙያውን የለቀምኩት አዋሽ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈት ሱቅ፣ በሰው ትከሻ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው። ግጥም መጻፍንም ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምልህ ልኩራራብህ አይደለም። የሚያሳየው አጥቶ ያደገ ሰው፣ ሲያሳይ እንዴት እንደሚነፍግ እንድታይ ነው።

ጋሽ ተሰማ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው ደሴ ናቸው፤ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ውለዋል። ጋሽ ተሰማ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሚሌ ድረስ በጭነት መኪና ጋቢና ሄደው፣ ከዚያ ወደ ደሴ ይወጣሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ዝውውር። «አንደበቷ ሳይዘጋ ደርሼ ላጫውታት» ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ቂም ነበረኝ። ቂሜን ስትሰማ ትንቀኛለህ፤ ናቀኝ። በመምህራን ክበብ ግጥም አነበብኩ። ስጨርስ ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን እየወለወሉ «ልጄ፣ ግጥምህ ሠመራን ይመስላል፤ ሙቀት አለው፣ ውሃ የለውም» አሉ። የመዝገብ ቤቱ አሊ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ግጥሙ መናኛ ነበር። ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ታዲያ ሰው እውነቱን ስለነገረው ይጠላል? እኔ ጠላሁ።

በዚያው ሰሞን የዝውውር ምዝገባው በኢንተርኔት ሆነ። ጋሽ ተሰማ እኔ ክፍል መጥተው በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ቅጹን ሞሉ። መጨረሻ ላይ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ገጽ ከነቁጥሩ ወጣ። ከሥሩ በቀይ፣ የዚህን ገጽ ምስል ያልያዘ ሰው ቅሬታ ማቅረብ እንደማይችል ተጽፏል።

«ምስል መያዝ ምንድን ነው ልጄ? በስልክ ላንሳው?» አሉኝ። ስልካቸው ካሜራ እንኳ አልነበረውም።

«ይቺን መጫን ነው ጋሼ» አልኳቸው፤ ፕሪንት ስክሪን የምትለዋን ቁልፍ እያሳየሁ።

ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡና ጻፉት። ቁልፏን ተጫኑ። ለእርግጠኝነት ደገሟት። ከዚያ ቀና ብለው «አለቀ?» አሉኝ።

አላለቀም። ቁልፏ ምስሉን ማሽኑ ጊዜያዊ ትውስታ ላይ ብቻ ነው የምታኖረው። ወርድ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከፍቶ መለጠፍ፣ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይቀራል። ያ ካልተደረገ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን እኔ አውቃለሁ። እሳቸው አያውቁም።

«አለቀ» አልኩ።

እሳቸውም ቀደም ብዬ እንዳስተማርኳቸው፣ አንድ በአንድ፣ በሥርዓት ኮምፒውተሩን ዘጉት።

ምን አስቤ ነበር? ምስሉ የት ገባ ብለው ሲመለሱ እንዲለማመጡኝ ነበር። አልተመለሱም፤ ለምን ይመለሳሉ? አምነውኛል። ገጹ እስከ እሑድ ይከፈት ስለነበር ምስሉን እንደገና መያዝ ይቻል ነበር። አራት ቀን ሙሉ በየበረንዳው ተገናኘን። በማግሥቱ ጭራሽ በረዶ የሆነ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ፤ «ለድካምህ» ብለው። ጠጣሁት። ጠርሙሱን ባዶ አድርጌ መለስኩላቸው።

ዝርዝሩ ሲወጣ ስማቸው የለም። ትምህርት ቢሮውን ሲጠይቁ ማመልከቻ አልደረሰንም፣ ምስሉን አምጡ ተባሉ። አሊና እሳቸው ኮምፒውተሩን ሲያምሱ ዋሉ። አሊ ወደ እኔ ዞሮ «ለሽማግሌው ሙሉውን አሳይተሃቸዋል?» አለኝ።

«ወላሂ!» አልኩ።

አየኸኝ? ክርስቲያኑ እኔ በራሴ እምነት በሐሰት መማል ፈርቼ፣ በአሊ መሐላ ማልኩ። አሊ አመነኝ። ጋሽ ተሰማ ግን ወረቀታቸውን ዘርግተው «እንደተጻፈው ነው ያደረግኩት፤ የቱን ሳትኩ?» እያሉ ጣታቸውን በመስመሯ ላይ ያስኬዱ ነበር። አንድ መስመር ብቻ።

በዚያ ዓመት ባለቤታቸው ላይ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ አንደበታቸው ተዘጋ። የጋሽ ተሰማ ዝውውር የተሳካው በቀጣዩ ዓመት ነው። ሊያጫውቷቸው ደረሱ፤ የሚመልስላቸው ግን አልነበረም።

እኔ ግን ተሻሻልኩ። እውነትን የሚያወድስ ግጥም ጻፍኩ። በዚያው ክበብ ተጨበጨበልኝ፤ አሊም አጨበጨበ። የዚያን ጭብጨባ ያህል የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ደወሉ። ልጃቸው ኮምፒውተር ገዝታላቸዋለች። ባለቤታቸው ጤነኛ ሳሉ በሠርግ ላይ ሲስቁ የሚታዩበት ቪዲዮ ተገኝቶ ኖሮ፣ ፊታቸውን ከዚያ ላይ በምስል ማስቀረት ፈልገዋል። «ያቺን ቁልፍ ተጫንኩ ልጄ፤ ምስሏ የት እንደሚገባ ግን አጣሁት» አሉ። ወረቀቱ እስካሁን አለ!

ነገርኳቸው። ወርዱን ይክፈቱ፣ ይለጥፉ፣ ስም ይስጡት፣ ያስቀምጡ። ሲጽፉ የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰማሁት። ከዚያ የጻፉትን መልሰው አነበቡልኝ።

«ይሄ ሁለተኛው መስመር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያኔም ነበር?»

ልቅሶ ቤት ገብቶ የሚሰርቅ ሌባ እንኳ የሚያፍርበት ሰዓት አለው። እኔ ግን «የለም ጋሼ፤ አዲስ የመጣ ነው» አልኩ። መርቀውኝ ዘጉ።

ወጣትነቴን፣ የተናቀውን ግጥሜን፣ የሠመራን ሙቀት ምክንያት አድርጌ አላቀርብልህም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ያንተ ይቅርታ ምን ያደርግላቸዋል? ይህን ወረቀት በፖስታ ወደ ደሴ እልከዋለሁ። አንተ ቀድመህ ያነበብከው፣ ሳልልከው ብቀር የሚያውቅብኝ ሰው እንዲኖር ነው።

ጋሽ ተሰማ፣ ያኔም ነበር።